ከስትሮክ በኋላ የደም ምርመራ፦ ታማሚው ማገገሙን አስቀድሞ መናገር ይችላል?

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ፈንድቶ ደም ሲፈስ የሚከሰት ድንገተኛ ሕመም ነው። አንድ ጎን እጅና እግር ይሰንፋል፣ አፍ ይጣመማል፣ ንግግር ይተሳሰራል። ቤተሰብ ከመጀመሪያው ድንጋጤ ሲወጣ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይነሳ ይሆን?» ነርሷ በየጠዋቱ ደም ስትቀዳ ያየ ሰው መልሱ እዚያ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ይመስለዋል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ አንድ ታማሚ እንደሚያገግም ወይም እንደማያገግም ብቻውን የሚናገር የደም ምርመራ እስከ አሁን የለም። ይህ ሲባል ግን የደም ምርመራ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ማገገምን የሚያደናቅፉና ሊታከሙ የሚችሉ ችግሮችን ያሳያል። ስለዚህ የምርመራ ወረቀት ሲሰጥዎ የሚጠቅመው ጥያቄ «ይድናል ይላል?» የሚለው ሳይሆን «ዛሬ የሚታከም ምን አገኛችሁ?» የሚለው ነው። እንደ ሞላሌ ካለ ከትልልቅ ሆስፒታሎች ራቅ ካለ ቦታ ለሚመጣ፣ ለእያንዳንዱ ምርመራ በግ ሸጦ ለሚከፍል ቤተሰብ ደግሞ ይህን ለይቶ ማወቅ ገንዘብም ጊዜም ያድናል።

የደም አመልካች ሲባል ምን ማለት ነው?

አንጎል ሲጎዳ ሕዋሶቹ ይሰበራሉ፤ በውስጣቸው የነበሩ ንጥረ ነገሮችም ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ወደ ደም ይገባሉ። ሰውነትም ለጉዳቱ መልስ ይሰጣል፦ የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል፣ የደም ስኳር ከፍ ይላል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ይበዛሉ። በደም ውስጥ የሚለኩና ስለ ሕመሙ ሁኔታ ፍንጭ የሚሰጡ እነዚህ ነገሮች አመልካች ወይም ባዮማርከር ይባላሉ። አንዳንዶቹ በማንኛውም ሆስፒታል የሚለኩ የተለመዱ ምርመራዎች ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ገና በምርምር ላይ ያሉ፣ ልዩ መሣሪያ የሚፈልጉ ናቸው።

በሆስፒታል የሚታዘዙት ምን ይነግሩናል?

ከሁሉም ቀድሞ የሚሠራው የደም ስኳር ነው፤ መሠራትም ያለበት ወዲያው ነው። ምክንያቱም የደም ስኳር በጣም ሲወርድ ልክ ስትሮክ ሊመስል ይችላል፦ ሰውየው ይደናገራል፣ ንግግሩ ይያዛል፣ አንድ ጎኑ ሊሰንፍ ይችላል። ይህ ከሆነ ስኳር ሲሰጠው ሊመለስ የሚችል ሰው ነው፤ ሳይታወቅ ከቆየ ግን አንጎሉ ይጎዳል። በጣት ጠብታ ደም የሚሠራ፣ ጤና ጣቢያ ላይም የሚገኝ ምርመራ ስለሆነ «ስኳሩ ተለክቷል?» ብለው ከመጠየቅ ወደኋላ አይበሉ። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በሚሰጥባቸው ሆስፒታሎችም ቢሆን፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የማይወስድና የደም መፍሰስ ችግር የሌለበት ታማሚ ከሆነ ከሲቲ ስካን ጋር የግድ ቀድሞ መታወቅ ያለበት የደም ምርመራ ስኳር ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ውጤት አይጠበቅም።

ከፍ ያለ ስኳርስ? ስትሮክ ይዟቸው ሲገቡ ስኳራቸው ከፍ ያለ ሕሙማን በጥቅሉ ሲታዩ የማገገም ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነው። ይህ በብዙ አገሮች ደጋግሞ ታይቷል። ነገር ግን እዚህ ላይ ስለ አመልካቾች ሁሉ የሚያስተምር አንድ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ 1,151 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሻይን የተባለ ትልቅ ጥናት፣ ስኳርን በኢንሱሊን አጥብቆ ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማድረግ ከ180 በታች ከማቆየት የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። በጣም የወረደ ስኳር ያጋጠማቸውም አጥብቀው የታከሙት ነበሩ። ከፍ ያለው ስኳር በከፊል የጉዳቱ ትልቅነት ምልክት ነበር እንጂ፣ ቁጥሩን ብቻ ማውረድ አንጎሉን አላዳነም። ስለዚህ ስኳሩ 170 ነው ተብሎ «ለምን ወደ 100 አላወረዳችሁትም?» ብሎ ከሐኪም ጋር መጋጨት አያስፈልግም።

ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ የሚባለው ምርመራ ደግሞ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ስኳር ያሳያል። ስኳሩ የጨመረው በስትሮኩ ድንጋጤ ነው ወይስ ሳይታወቅ የቆየ የስኳር በሽታ ነበረ የሚለውን ይለያል። ለመጪው ዘመን የሚጠቅም ምርመራ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ካልተሠራ የሚያስደነግጥ አይደለም።

ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ማለትም ሲቢሲ፣ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ነው። ከዚሁ ወረቀት ላይ ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ለሊምፎሳይት በማካፈል አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ይህ ቁጥር ከፍ ሲል ሕመሙ የከበደ እንደሆነ የሚያሳዩ ጥናቶች ብዙ ናቸው። በግሌ ቤተሰብ ይህን ቁጥር እያሰላ እንዲጨነቅ አልመክርም። የሳምባ ምችም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም፣ ስቴሮይድ መድኃኒትም ያንኑ ቁጥር ከፍ ያደርጉታል። ሐኪሙ ሲቢሲን የሚያየው በዋናነት ኢንፌክሽን፣ የደም ማነስ ወይም የፕላትሌት ማነስ እንዳለ ለማወቅ ነው።

ስለ ሄሞግሎቢን አንድ ነገር ልጨምር። ሞላሌ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ የመንዝ ሰው ሄሞግሎቢኑ ከፍ ብሎ ሲገኝ «ደገኛ ስለሆነ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ዳርቻ ከፍታ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። የእኛ ደገኞች ሰውነት ከፍታውን የለመደው እንደ ደቡብ አሜሪካ ደገኞች ደሙን በማወፈር አይደለም። ስለዚህ በጣም ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን ከታየ የውሃ እጥረት ወይም ሌላ ምክንያት ይኖረው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በተለይ መዋጥ አቅቶት ሁለት ቀን ሙሉ ሳይጠጣ የመጣ ታማሚ ደሙ ይወፍራል።

የኩላሊት ምርመራ (ክሪያቲኒን) እና የደም ጨዎች (ሶዲየምና ፖታሲየም) የሚለኩት መድኃኒት ለመመጠንና የሰውነት ውሃ ለማስተካከል ነው። የሶዲየም መውረድ ታማሚውን ያደነዝዛል፤ ቤተሰብ «እየባሰበት ነው» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥበት ድንዛዜ አንዳንዴ የሚስተካከል የጨው መዛባት ሆኖ ይገኛል። የደም መርጋት ምርመራ (አይ ኤን አር) በተለይ ዋርፋሪን ለሚወስዱ አስፈላጊ ነው። ታማሚው ለልብ ቫልቭ ችግር ዋርፋሪን ይወስድ ከነበረ ይህን ሳይጠየቁ ይናገሩ፣ የመድኃኒቱንም ዕቃ ይዘው ይሂዱ።

ሲ አር ፒ የሚባለው የብግነት ምልክት ነው። በመጀመሪያው ቀን ዝቅ ብሎ በሦስተኛው ቀን ከዘለለ ሐኪሙ የሳምባ ምችን ይጠረጥራል፤ መዋጥ የተሳነው ታማሚ ምራቅና ምግብ ወደ ሳምባው ስለሚገባ ይህ የተለመደ ችግር ነው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ መጎዳቱን ያሳያል። ወጣት በሆነ ታማሚ ላይ ደግሞ የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራ መታዘዙ አያስቀይምዎ፤ ሁለቱም የአንጎል ደም ሥርን ሊጎዱ የሚችሉ፣ ሕክምና ያላቸው ሕመሞች ናቸው። የኮሌስትሮል ምርመራ ግን የሚያገለግለው ሁለተኛ ስትሮክ እንዳይመጣ ለመከላከል ነው፤ ስለ ማገገም የሚለው ነገር ጥቂት ነው።

በምርምር ላይ ያሉት

በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ «አዲስ የደም ምርመራ ወጥቷል» ብሎ ሊደውልልዎ ይችላል። ምናልባት የሚያወራው ኒውሮፊላመንት ላይት ስለሚባለው ነው። ይህ በነርቭ ክሮች ውስጥ እንደ ድርና ማግ ሆኖ የሚገኝ ፕሮቲን ነው፤ ክሩ ሲበጠስ ወደ ደም ይወጣል። ከስትሮክ በኋላ ቀስ እያለ ለሁለት ሦስት ሳምንት ይጨምራል፤ መጠኑ ከፍ ያለባቸው ሕሙማን በአማካይ የጉዳታቸው መጠን ትልቅ ነው። ችግሩ ዕድሜ ሲገፋና ኩላሊት ሲደክም ስትሮክ ሳይኖርም ከፍ ይላል፤ መልሱ የሚያስፈልገው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆኖ ሳለ እሱ ግን ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ጂ ኤፍ ኤ ፒ የሚባለው ሌላ ፕሮቲን ደም በፈሰሰበት ስትሮክ ላይ በፍጥነት ይጨምራል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የፈለጉት የማገገምን ዕድል ለመተንበይ ብቻ አይደለም፤ ሲቲ ስካን በሌለበት የደም መፍሰስን ከደም መርጋት ለመለየት ይረዳ እንደሆነም ያጠናሉ። ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ተስፋ የሚጣልበት ይህኛው ይመስለኛል። ኤስ 100 ቢ፣ ኮፔፕቲን፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ዲ ዳይመር የሚባሉትም ተጠንተዋል። እያንዳንዳቸው በብዙ ሕሙማን አማካይ ላይ የሚታይ ግንኙነት አላቸው፤ ነገር ግን ሐኪሙ ዕድሜንና የሕመሙን ክብደት አይቶ ከሚያውቀው በላይ የሚጨምሩት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በስትሮክ ማገገም ላይ የሚሠሩ ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ተሰብስበው መረጃውን ሲመረምሩ፣ ማገገምን ለመተንበይ ተስፋ የሰጡት የአንጎል ምስልና የነርቭ መስመር ምርመራዎች እንጂ የደም አመልካቾች አልነበሩም። እነዚህን የደም ምርመራዎች ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ወይም ናሙና ወደ ውጭ ማስላክ ለታማሚዎ የሚቀይረው ሕክምና የለም።

ደሙ ለምን አይበቃም?

ዋናው ምክንያት ደም የጉዳቱን መጠን እንጂ ቦታውን ስለማይናገር ነው። በጣርማ በር መንገድ ላይ የወረደ ጥቂት ናዳ ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደውን መኪና ሁሉ ያቆማል። ከመንገዱ ርቆ ገደል ውስጥ የወረደ የተራራ ግማሽ ደግሞ ማንንም ላያቆም ይችላል። አንጎልም እንዲሁ ነው፦ እጅና እግርን የሚያንቀሳቅሰው የነርቭ መስመር ላይ ያረፈች ትንሽ ጉዳት ሰውየውን አልጋ ላይ ልታውለው ትችላለች፤ በደም ውስጥ ግን የምትተወው ምልክት ትንሽ ነው። ከዚህ ሌላ ማገገም ከስትሮኩ በኋላ በሚሆነው ነገር ላይም ይመሠረታል፦ ሳምባ ምች መያዝ አለመያዙ፣ አልጋ ላይ መቁሰሉ፣ እንቅስቃሴ መጀመሩ፣ የደም ግፊት መድኃኒቱን መውሰዱ። በመጀመሪያው ቀን የተቀዳ ደም ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ከደም ይልቅ የሚናገረው

የተሻለው ትንበያ የሚገኘው ያለ ምንም መሣሪያ፣ ታማሚው አልጋ አጠገብ ነው። የመጀመሪያው የሕመሙ ክብደት ነው፤ ሐኪሞች ከ0 እስከ 42 በሚደርስ የነጥብ መለኪያ ይመዝኑታል፤ ነጥቡ ባነሰ ቁጥር ተስፋው ይጨምራል። ዕድሜ፣ የንቃት ደረጃ፣ ከስትሮኩ በፊት የነበረው አቅምም ይታያል።

እጅን በተመለከተ በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ቀላልና ጠንካራ ነገር አግኝቷል። ስትሮኩ በያዘው በሦስት ቀን ውስጥ ጣቱን ጥቂት እንኳ መዘርጋትና ክንዱን ከጎኑ ፈቀቅ ማድረግ የቻለ ሰው፣ በስድስት ወር ውስጥ እጁን በተወሰነ ደረጃ መጠቀም የመቻል ዕድሉ 98 በመቶ ነበር። ሁለቱንም ያልቻለው ግን 25 በመቶ። መራመድን በተመለከተም እዚያው አገር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፦ በሦስት ቀን ውስጥ ሳይደገፍ 30 ሴኮንድ መቀመጥና የሰነፈውን እግር ጥቂት ማንቀሳቀስ የቻሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም በስድስት ወር ውስጥ ያለ ሰው ርዳታ ተራምደዋል፤ ካልቻሉት ደግሞ ከአራቱ አንዱ ያህል። እነዚህ ቁጥሮች ደም ረግቶባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሮክ ከያዛቸውና የተሟላ ፊዚዮቴራፒ ካገኙ ሰዎች የመጡ ስለሆኑ እንዳሉ ወደ እኛ አይገለበጡም። ቢሆንም የሚያመለክቱት ነገር ግልጽ ነው፦ የጣት መንቀሳቀስ ከብዙ የላቦራቶሪ ወረቀት ይበልጣል። ካልቻሉትም ውስጥ ከአራት አንዱ መራመዱን ልብ ይበሉ፤ በሦስተኛው ቀን ያልተንቀሳቀሰ እግር ፍርድ አይደለም።

ስለዚህ እርስዎ አልጋው አጠገብ ስላሉ ከማንም በፊት ይህን የሚያዩት እርስዎ ነዎት። ጣቱን ያነቃነቀበትን ቀን፣ ተደግፎ የተቀመጠበትን ቀን በደብተር ይጻፉና ለሐኪሙ ወይም ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያሳዩ። ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከስድስት ወር በኋላም በተለይ ንግግር መሻሻሉን ሊቀጥል ይችላል።

ከሞላሌ ሲነሱ

ምልክቱ ሲታይ «ምች ነው፣ ያልፋል» ብሎ ማሳደር ትልቁን ጊዜ ይበላል። በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ወዲያው ይውሰዱ፤ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት፣ ወይም ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ይያዙ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት መሰጠት ያለበት በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ እሱንም የሚሰጡት ጥቂት ሆስፒታሎች ናቸው፤ ከመንዝ ደጋ ተነስቶ በዚያ ጊዜ መድረስ ብዙ ጊዜ አይሆንም። ያ ማለት ግን ከዚያ በኋላ መሄድ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሳምባን፣ ግፊትን፣ ስኳርንና መዋጥን የሚከታተል የሆስፒታል እንክብካቤ ራሱ ሕይወት ያተርፋል።

እቤት ውስጥ አስፒሪን አይስጡ። በአውሮፓና በአሜሪካ ደም የሚፈስበት ስትሮክ ከመቶ 15 ገደማ ሲሆን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ግን ድርሻው እጅግ ከፍ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በታተመ ጥናት ግማሽ ገደማ ነበር። ይህ በዋናነት ካልታከመ የደም ግፊት ጋር የተያያዘ ነው። የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ያለዎት ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከማንኛውም የተለየ የደም ምርመራ ሲቲ ስካኑ ይቅደም።

መዋጡ በባለሙያ ሳይታይ አጥሚትም ሆነ ውሃ በግድ አያጠጡ፤ ጉልበት ይሆነዋል ተብሎ በማንኪያ የሚጨመረው አጥሚት ወደ ሳምባ ይገባል። ጸበል ለመውሰድ ካሰቡም የግፊት መድኃኒቱ ሳይቋረጥ፣ መዋጡም ታይቶ ይሁን።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ካርዱን ይያዙ፤ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ሳይቀበሉ አይሂዱ። ያለ ሪፈር በቀጥታ መሄድና በግል ላቦራቶሪ የሚሠራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ከኪስ የሚከፈል ይሆናል። ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ሲዛወሩ የተሠሩትን የምርመራ ውጤቶች ሁሉ በአንድ ፖስታ ይዘው ይሂዱ። ሲቢሲና ኩላሊት ትናንት ደብረ ብርሃን ላይ ተሠርቶ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ዛሬ እንደገና ይደገም እንደሆነ ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ይወስናል፤ ወረቀቱ ከሌለ ግን መድገሙ አይቀርም።

ውጤት ሲነገርዎ

ሐኪሙ «ውጤቱ ጥሩ አይደለም» ካለ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚታከም ነው ወይስ የሕመሙን ክብደት ብቻ የሚያሳይ ነው? መቼ ይደገማል? «ወደ ቤት ውሰዱት» ከተባለም በደም ምርመራ ብቻ ከሆነ፣ ታማሚው በአካል እንዴት እንደተመዘነ እንዲያስረዱዎ መጠየቅ መብትዎ ነው። የመናገር ዕድል ያላገኘ ዘመድ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ስለዚህ ይህን ንግግር ከአልጋው ራቅ ብለው ያድርጉት።

ወደ ቤት ሲመለሱ የሚቀጥለው ምርመራ ለክትትል ነው። የደም ግፊት በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ በየጊዜው ይለካ። ስኳር ያለበት ሰው ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ በየሦስት ወሩ፣ ሲረጋጋ ደግሞ በየስድስት ወሩ ይሠራለታል። ዋርፋሪን የሚወስድ አይ ኤን አር ሳይለካ ወራት ማሳለፍ የለበትም፤ በቅርብ የት እንደሚሠራ ከሆስፒታሉ ሳይወጡ ይጠይቁ። አዲስ ድካም፣ ትኩሳት፣ ከበፊቱ የባሰ መደናገር ወይም የተሻለው እጅ መልሶ መስነፍ ከታየ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ ታማሚውን ይዘው ይሂዱ።